የተቆፈረውና የሚጠበቀው
(ስለ አበርገሌ ገበሬ የእርሻ ድጋፍና የአፈር ጥበቃ ወጪ፣ ለወረዳ ኃላፊዎችና ለእርዳታ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ከሰቆጣ ደጋ ተነሥቶ ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ አበርገሌ ሲደርስ በመጀመሪያ የሚያየው ድንጋይ ነው። ድንጋዩ በሁለት መልክ ይታያል። አንደኛው ጎርፍ አፈሩን አጥቦ ራቁቱን ያስቀረው ነው፤ ሁለተኛው የሰው እጅ አንሥቶ በተርታ የደረደረው የእርከን ድንጋይ ነው። በሁለተኛው ውስጥ የብዙ ዓመት ጉልበት፣ በኩንታል የሚቆጠር ስንዴና ከሩቅ አገር የመጣ ገንዘብ አለ። ከነዚህ እርከኖች ከፊሎቹ ዛሬም አፈር ይዘው ቆመዋል፤ ከፊሎቹ ግን ተንደው ውሃውን ወደ አንድ ቦታ ሰብስበው አዲስ ቦረቦር ከፍተዋል። ሁለቱም የተሠሩት በተመሳሳይ እጅና በተመሳሳይ ክፍያ ነው። ልዩነቱ ከሥራው በኋላ በመጣው ዘመን ላይ ነው፤ የዚህ ንግግር ጉዳይም ይኸው በኋላ የሚመጣው ዘመን ነው።

አበርገሌ በዋግ ኽምራ ዞን ከሚገኙት ወረዳዎች በቆላነቱ የታወቀ ነው፤ መቀመጫው ኒሯቅ ነው። ክረምቱ አጭር ነው። ዝናቡ ሐምሌ ላይ ገብቶ ብዙ ጊዜ መስከረም ሳይጠባ ይቋረጣል፤ ማሽላው ፍሬ ሊቋጥር ሲል እርጥበት ያጣል። ስለዚህ በዚህ አገር የዓመቱ ዝናብ ድምር ስንት ሚሊ ሜትር ነው ብሎ መጠየቅ ብቻውን ብዙም አያስረዳም፤ ገበሬው የሚጠይቀው መቼ ገባ፣ መቼስ ወጣ ብሎ ነው። ማሽላ፣ ጤፍና ሰሊጥ ይዘራል። ነገር ግን የብዙው ቤት መጠባበቂያ ፍየል ነው። የአበርገሌ ፍየል በስሙ የታወቀ ዝርያ ሲሆን፣ ለእህል መግዣ፣ ለመታከሚያ፣ ለልጅ ደብተርና ለዕዳ መክፈያ የሚሸጠው እርሱ ነው። ከዚህ ሌላ ማር አለ፤ በገደላ ገደሉ ላይ የበቀለው የዕጣን ዛፍ አለ፤ የተከዜ ግድብ ውሃ ከተኛ ወዲህ ደግሞ ዓሣ ማስገር ለዳርቻው ወጣት ሥራ ሆኗል። የመንግሥት የእርሻ ድጋፍ ሲታቀድ ግን ገበሬው ብዙ ጊዜ እንደ እህል አምራች ብቻ ይታያል፤ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ይታደለዋል። ዝናብ በሚያጥርበት ቆላ ማዳበሪያ በዱቤ መውሰድ ምርት ሳይገኝ ዕዳ ማፍራት ሊሆን እንደሚችል ገበሬው ያውቃል፤ ለመውሰድ ማመንታቱም ከድንቁርና የመጣ አይደለም።

የዋግ ሕዝብ የእርዳታን ታሪክ የሚያውቀው በዓመተ ምሕረቱ ነው። የወሎ ረኃብ አገር ባወቀው በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ሲከፋ ዋግ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ያለ አውራጃ ከመሆኑም በላይ የጦርነት ቀጣና ነበር፤ እህል የጫነ መኪና እንደ ልቡ የማይደርስበት ስለነበረ ብዙ ቤተሰብ እህሉን ፍለጋ ወደ ቆረም በእግሩ ተጓዘ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ ለማስፈር የታቀደው ዘመቻ ተጀመረ፤ በ1978 ዓ.ም. ሲገታ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ የተነሣው ሕዝብ 600,000 ያህል ደርሶ ነበር። ወደ መተከል፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ከፋ የተጓዙት ሰዎች የደረሰባቸው በሽታና የቤተሰብ መለያየት በሰፊው የተነገረ ስለሆነ እዚህ አይደገምም። በ1996 ዓ.ም. በሦስት ዓመት 440,000 አባወራ ወይም 2.2 ሚሊዮን ሕዝብ በየክልሉ ውስጥ በፈቃደኝነት ለማስፈር እንደገና ሲታቀድም የነገሩ መነሻ ያው ነበር፤ አፈሩ ሰውን መመገብ አልቻለም የሚል ነው። ሰፈራ ሰውን ከአፈሩ ያነሣል፤ የአፈር ጥበቃ አፈሩን ለሰው ያቆያል። አገሪቱ ሁለቱንም ሞክራለች፤ ለሁለተኛው የወጣው ገንዘብ ግን በቂ ምርመራ አልተደረገበትም።

የደርግ ዘመን የአፈር ጥበቃ ሥራ የቆመው በምግብ ለሥራ ነው። ለአንድ የሥራ ቀን ይሰጥ የነበረው 3 ኪሎ ግራም እህልና 120 ግራም ዘይት ነበር። በገበሬ ማኅበራት አማካይነት በብዙ መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚቆጠር እርከን ተሠራ፤ ጋራዎች ተከለሉ፤ ችግኝ ተተከለ። በ1978 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች ጥናት በየዓመቱ 1.9 ቢሊዮን ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምቶ ስለነበር ሥራው ያስፈልግ እንደነበር የሚከራከር የለም። ይሁን እንጂ በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅና የገበሬ ማኅበራት ሥልጣን ሲላላ፣ በብዙ ቦታ እርከኑ ፈረሰ፤ የተተከለው ዛፍ በጥቂት ወራት ውስጥ ተቆረጠ። ያፈረሰው ጠላት አልነበረም፤ ራሱ የሠራው ገበሬ ነው። ምክንያቱንም ሲጠየቅ በግልጽ ተናግሯል፦ እርከኑ ማሳውን ያጠባል፤ በሬ ለማዞር አይመችም፤ ድንጋዩ የአይጥ መደበቂያ ነው፤ የተከለለውም ጋራ ሣሩና እንጨቱ የማን እንደሆነ አልታወቀም። ከዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። እርከኑ ሲሠራ ስንዴ ተከፍሏል፤ እርከኑ በመቆሙ ግን ለማንም ምንም አልተከፈለም።

እርከን በደረቅ አገር የሚጠቅም መሆኑ በልኬት የተረጋገጠ ነው። ከአበርገሌ ብዙም በማይርቀው የትግራይ ደጉዓ ተምቤን የተደረገው ጥናት፣ በእርሻ ላይ የተሠራ የድንጋይ እርከን የአፈሩን መታጠብ በአማካይ በ68 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። የቆላ ገበሬ ከእርከን የሚፈልገው ግን ከአፈሩ ይልቅ ውሃውን ነው፤ እርጥበቱ ለአንድ ሳምንት ተጨማሪ ከቆየለት ማሽላው ሊያፈራ ይችላል። ጥቅሙም እርከኑ ሳይሞላና ሳይናድ እስከቆየ ድረስ ነው። ደለል የሞላው እርከን ካልተነሣ ውሃው በላዩ ይዘላል፤ በአንድ ቦታ የተበሳ እርከን ደግሞ ከታቹ ያለውን ሁሉ ይዞ ይወርዳል።

በ1997 ዓ.ም. የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር የቀድሞው ስህተት በከፊል ታርሟል። እርዳታ በየዓመቱ በልመና ከሚመጣ፣ ለብዙ ዓመት የታቀደ እንዲሆን ተደረገ፤ በዚያው ዓመት የወጣው የኅብረተሰብ አቀፍ ተፋሰስ ልማት መመሪያም ሥራው በትንንሽ ተፋሰስ ከሕዝቡ ጋር እንዲታቀድ አዘዘ። ፕሮግራሙ በጀመረበት ዓመት 5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ይዞ ነበር፤ የዋግ ኽምራ ወረዳዎችም ገቡ። አሠራሩ በሂሳብ ሲታይ እንዲህ ነው። ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር አምስት የሥራ ቀን ይታሰባል፤ ለቀኑ 3 ኪሎ ግራም እህል ወይም ተመጣጣኝ ገንዘብ ይከፈላል፤ ክፍያው በዓመት ለስድስት ወር ነው። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት በወር 25 የሥራ ቀን ሠርቶ 75 ኪሎ ግራም ያገኛል፤ በስድስት ወር አራት ኩንታል ተኩል ይሆናል። መሥራት የማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ያለ ሥራ ቀጥተኛ ድጋፍ ያገኛሉ፤ በኋላ በወጡት መመሪያዎች ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶች ከጉልበት ሥራ እንዲያርፉ፣ አንድ ሠራተኛም በወር የሚሠራው ቀን ጣሪያ እንዲኖረው ተደርጓል። ይህ ጣሪያ ቀላል ነገር እንዳይመስል። አንዲት ባል የሌላት ሴት አራት ሕፃናት ብታሳድግ፣ ጣሪያው ከመበጀቱ በፊት የአምስቱንም ቀን በራሷ ትከሻ ትሸከም ነበር።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ የተስተካከለ ነው። በአበርገሌ መሬት ላይ ሲወርድ ግን ከወራቱ ጋር ይጋጫል። የሕዝብ ሥራው የሚከናወነው ከጥር እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ነው፤ ገበሬው ከእርሻ የሚያርፍበት ወቅት ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። ለደጋ ገበሬ እውነት ሊሆን ይችላል። የቆላው ሰው ግን በበጋ አያርፍም። የዕጣን ዛፍ ቅርፊቱ እየተላጠ ሙጫው የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ግንቦት በሚዘልቀው በጋ ነው፤ ፍየል ቅጠልና ውሃ ፍለጋ ርቆ የሚነዳው በዚሁ ወቅት ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ሁለት ነገር ከፊቱ ይቀርብለታል፦ ወይ ዕጣኑን ትቶ ድንጋይ መሸከም፣ ወይ ድንጋዩን ትቶ ስሙ ከመዝገብ ሲሰረዝ መመልከት። አብዛኛውን ጊዜ ጠንካራው ሰው ወደ ዕጣኑ ይሄድና ለእርከኑ ሥራ ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ታዳጊዎች ይላካሉ። የልማት ሠራተኛው የቀን ቁጥር ያሟላል፤ ትልቁን ድንጋይ የሚያነሣ ግን አይኖርም። የእርከኑ መሠረት ጥልቅ የማይሆነው አንዳንድ ጊዜ ከስንፍና ሳይሆን ከዚህ የተነሣ ነው።

ሁለተኛው የጊዜ ነገር ክፍያው የሚደርስበት ቀን ነው። የመጋቢት ክፍያ በሰኔ ቢደርስ በሂሳብ መዝገብ ላይ የጎደለ የለም፤ በቤቱ ግን ጎድሏል። በመካከል ባሉት ወራት እህል የሚወደድበትና ፍየል የሚረክስበት ጊዜ ነው፤ በግንቦት ገበያ ላይ የሚወጣው ፍየል ከሥጋው አጥንቱ ይበዛል። ሁለት ፍየል ሸጦ አንድ ወር የተሻገረ ቤት፣ ስንዴው ሲደርስ ፍየሎቹን አይመልስም። የሴፍቲኔቱ ዓላማ ሰው ጥሪቱን እንዳይሸጥ ማድረግ ስለሆነ፣ ዘግይቶ የደረሰ ክፍያ ዓላማውን ራሱ ያፈርሳል። የወረዳ የገንዘብና የእርሻ ጽሕፈት ቤቶች ይህን መዘግየት እንደ ወረቀት ጉዳይ ከመቁጠር ይልቅ እንደ ከብት በሽታ ቢቆጥሩት ይሻላል።

ወደ ጥገናው ሲመለስ፣ መመሪያዎቹ ጥገናን ይጠቅሳሉ። ችግሩ ሪፖርቱ ነው። ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን የሚሄደው ቁጥር በዚህ ዓመት ስንት ኪሎ ሜትር ተሠራ፣ ስንት ሄክታር ተከለለ፣ ስንት ችግኝ ተተከለ የሚል ነው። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ያለ ክፍያ በዘመቻ የሚሠራው የተፋሰስ ሥራ ሲጨመርበት ቁጥሩ በየዓመቱ ይከመራል። አምና የተሠራው ስንቱ ቆሞ እንዳለ የሚቆጠርበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው። ሹም በአዲስ ሥራ ይመሰገናል፤ የተናደ ድንጋይ መልሶ ያስነሣ ሹም ግን በስብሰባ ላይ ሲመሰገን ብዙም አይሰማም። በዚህ ምክንያት በአንድ ጋራ ላይ ሁለት ጊዜ፣ አልፎም ሦስት ጊዜ እርከን ሲሠራ፣ በየጊዜውም እንደ አዲስ ሲቆጠር ይታያል።

የተከለለው ጋራ ከእርከኑ ይልቅ ጥያቄ ያስነሣል፤ ምክንያቱም ክልከላ ከድሃው የሚነጥቀው ነገር አለና። ጋራ ሲከለል ፍየል ይወጣል። ብዙ ፍየል ያለው ሰው ወደ ሌላ ቦታ የሚነዳ እረኛ አያጣም፤ ሦስት ፍየል ያላት መበለት ግን የጠዋት ግጦሿ ያ ጋራ ነበር። ክልከላው ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ሣር ሲያበቅል፣ ሣሩ የሚታጨደው ለማን ነው? ማሩ የሚቆረጠው በማን ቀፎ ነው? በአንዳንድ ቦታ ለወጣቶች ማኅበር ተሰጥቷል፤ ወጣቱ ሥራ ማግኘቱ መልካም ሆኖ፣ ፍየሏን ያወጣችው ሴት ድርሻዋን ካላገኘች ሌሊት አጥሩን የሚከፍት ሰው አይጠፋም። ጥበቃው በጠመንጃ ወይም በቅጣት ሊሆን ይሞከራል፤ ሁለቱም ለጊዜው ነው። በመተዳደሪያ ደንብ የሣሩ ሸክም በቤት ቁጥር የተከፋፈለበት ክልል ግን ጠባቂ ባይኖረውም ሁሉም ይጠብቀዋል።

የዕጣኑ ደን ከሁሉም ይበልጥ ያሳስባል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን 23 የዕጣን ዛፍ ደኖችን መርምሮ፣ ከሦስት አራተኛ በሚበልጡት ወጣት ዛፍ እንደሌለ፣ በዚህም ከቀጠለ የዕጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ገልጿል። ያረጁት ዛፎች ቆመዋል፤ ሰው ያያቸዋል፤ ደኑም ያለ ይመስላል። ልጅ የሌለው ቤት ግን ቤት ነው ለማለት ያስቸግራል። ቡቃያውን ፍየል ይበላዋል፣ እሳት ያቃጥለዋል፤ የቆመውን ዛፍ ደግሞ ከልክ በላይ መላጥ ያዳክመዋል፣ ለነቀዝም ያጋልጠዋል። ዕጣኑን ለጥቂት ዓመት በውል የያዘ አምራች ለሠላሳ ዓመት የሚያድግ ቡቃያ የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም። የአካባቢው ገበሬም ከዕጣኑ ድርሻ ከሌለው ቡቃያው የእርሱ አይደለም። ስለዚህ ለክልከላ የሚወጣው ገንዘብና ለዕጣን የሚሰጠው ውል በሁለት ጽሕፈት ቤት፣ እርስ በርሳቸው ሳይተያዩ የሚሠሩ ከሆነ፣ አንዱ የተከለውን ሌላው ይነቅለዋል።

ይህ የጥበቃ ክፍያ ጉዳይ የአበርገሌ ብቻ አይደለም። ዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሜዳዎቿ በአቧራ ከጠፉ በኋላ የአፈር ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቋቋመች፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣችው ሕግ ደግሞ በቀላሉ የሚሸረሸር ማሳውን ከእርሻ አውጥቶ በሣር ወይም በዛፍ ለሚያለብስ ገበሬ ከ10 እስከ 15 ዓመት በየዓመቱ ኪራይ መክፈል ጀመረች። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1999 በተጀመረው ፕሮግራሟ ተዳፋት መሬቱን ወደ ደን ለመለሰ ገበሬ እህልና ገንዘብ ሰጥታለች፤ ጊዜውም በመጀመሪያ ለጥበቃ ደን ስምንት ዓመት፣ ለፍሬ ዛፍ አምስት፣ ለሣር ሁለት ዓመት ነበር። ሁለቱ አገሮች በሀብትም በሥርዓትም ከኢትዮጵያ ይለያሉ፤ አሠራራቸው እንዳለ ይገልበጥ ማለት አይደለም። ሆኖም ሁለቱም ለተቆፈረው ብቻ ሳይሆን ለተጠበቀው ዓመት ከፍለዋል። ከአበርገሌ ሥር የተኛው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ከፍታ ያለውና 300 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ሆኖ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀ ነው። ከዋግ ጋራዎች የሚወርደው አፈር በመጨረሻ የሚያርፈው በዚያ ውሃ ውስጥ ነው። አፈሩን ከላይ የያዘው ገበሬ ለግድቡ ዕድሜ እየሠራ ስለሆነ፣ ከኃይሉ ሽያጭ ጥቂት ድርሻ ወደ ጋራው ቢመለስ ምጽዋት አይባልም።

የገንዘቡ ምንጭ ያልተረጋጋ መሆኑ በቅርቡ በግልጽ ታይቷል። ጦርነቱ ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ወደ ዋግ ዘልቆ ብዙ የአበርገሌ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቀለ፤ በሰቆጣና በወለህ በመጠለያ ኖረ፤ ከብቱና ፍየሉ ጠፋ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ተፈናቃዩ ወደ ቀዬው መመለስ ሲጀምር በ2015ና በ2016 ዓ.ም. ድርቅ በዋግ ኽምራ ቆላዎች ላይ ወረደ። በዚሁ መካከል በሰኔ 2015 ዓ.ም. በእርዳታ እህል መመዝበር ምክንያት አሜሪካና የዓለም የምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ የሚያድሉትን የምግብ እርዳታ ለወራት አቆሙ፤ በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን አገደ። እህሉን የመዘበረው ሰው ሌላ፣ የተራበው ሌላ ነበር። የአፈር ጥበቃ ሥራው ከዚሁ የእርዳታ ገንዘብ ጋር የታሰረ በመሆኑ፣ እህሉ ሲቆም ዶማውም ይቆማል።

ለወረዳና ለዞን ባለሥልጣን በእጁ ያሉ ነገሮች ግን አሉ፤ አዲስ አበባን ወይም ለጋሾችን መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። በወር ከሚሠሩት አምስት ቀናት አንዱ አዲስ ሥራ ሳይጀመር ለአሮጌው እርከን ጥገና እንዲውል በዓመቱ ዕቅድ ላይ ሊጻፍ ይችላል። የአበርገሌ የሥራ ወራት ከዕጣኑና ከፍየሉ ወራት ጋር ተያይቶ፣ ለምሳሌ ከባዱ የድንጋይ ሥራ የዕጣን ለቀማው ረገብ በሚልባቸው ሳምንታት እንዲሆን ሊደረግ ይችላል። በሪፖርቱ ቅጽ ላይ አንድ ዓምድ ቢጨመር፣ ማለት ከሦስት ዓመት በፊት የተሠራው ስንቱ ቆሟል የሚል፣ ብዙ ነገር ይገለጣል፤ መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ እንደሚያሳፍር ግን መዘንጋት የለበትም። የእያንዳንዱ የተከለለ ጋራ የሣር፣ የማርና የዕጣን ድርሻ ክልከላው ከመታወጁ በፊት በቀበሌው ጉባኤ ተጽፎ፣ መበለቶችና ከስደት የተመለሱ ቤተሰቦች በስማቸው መግባታቸው መረጋገጥ ይኖርበታል። የተመላሹ ጉዳይ በተለይ አስቸኳይ ነው፤ እርሱ በሰቆጣ መጠለያ ሳለ የተከለለው ጋራ ሲመለስ የፍየሉ መውጫ ሆኖ ያገኘዋል፤ ፍየል ባይኖረውም ሊገዛ ያሰበው ፍየል ነው። የሣሩ አጨዳ በጥቅምት ስለሚጀመር፣ የድርሻው መዝገብ ከመስከረም በፊት መዘጋት አለበት።